ገምባሌ

ኦፋኪም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከበራችን ኋላ
ቆመዋል ሁለቱ፣ እግር የሌለው ገላ፤
ጉልበታቸው ባዶ፣ አፋቸው የተከፈተ፣
የሣር እድፍ በላያቸው ደርቆ የሻገተ፤
የአባቴ ገምባሌዎች። ማዘጋጃ ቤቱ
«አበጀ» ብሎ ጽፎ የሰጠው በጥንቱ፤
ጡረታ ሲወጣ ማንም አላለው «መልሰው»፣
እሱም አልጣላቸው፤ አቆማቸው እንደ ሰው።

ስሙን ያወጣ እሱ ነው፤ ኒሲም ሌላ ይላል፣
አባቴ ግን እንዳየ «ገምባሌ!» ብሎታል፤
ዳባት ገበያ ላይ፣ በልጅነት ወራት፣
ግብር ሰብሳቢው ነበር ያሠረው በባት፤
ኮቴው የተሰማ ዕለት ሰው ፍየሉን ሲሸሽግ፣
ዶሮ በጋቢ ሲያፍን፣ እህል በአመድ ሲያደርግ።
«ይኸው ዛሬ ደረሰኝ፤ ግን ከእንሽላሊት ሌላ
የሚሸሸኝ የለም» ይል ነበር ካሠረ በኋላ።

ድሮ፣ ልጆች ሳለን፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ በጸጥታ
በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ በዝግታ፣
ግራውን ያስቀድማል፦ «ቀኝ እግር ይጠብቃል፣
ግራ ግን ኩሩ ነው፤ ካልቀደሙት ይርቃል።»
ሦስት ማሰሪያ አለው፤ ሲላቀቅ ሲጣበቅ
ጨርር ይላል ሌሊቱ፣ እንደሚቀደድ ጨርቅ፤
ሦስት ጊዜ ጨርር፣ ሦስት ጊዜ ዳግም፤
እኛን ያነቃን ድምፅ ሌላ አልነበረም።

ኒሲም በፒክአፑ ያወርደው ነበር
ከቤር ሼቫ መንገድ፣ ከአሜኬላው ድንበር፤
ሞተሩን አዝሎ ናይሎኑ ሲሽከረከር
መሬት መልስ ይሰጣል፣ በድንጋይ በጠጠር፤
የጠርሙስ ስባሪ፣ የቆርቆሮ ምላስ
ይወነጨፍ ነበር ከቅልጥሙ ሊደርስ።
ገምባሌው ብቻ ነው ያን ሁሉ የሰማ፣
መኪናው ሲከንፍ ወደ ሌላ ከተማ።

አንድ ቀን፣ በግንቦት፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር
መጣ፤ መነጽሩ፣ ገምባሌው፣ የራሱ ቁር፤
ሊሮን ጠየቀችኝ፦ «ይሄ ማን ነው? ሮቦት?»
ሳቅሁኝ።
አባቴን ሳቅሁበት።
አይቶኛል። ሞተሩን ወዲያው አጠፋና
ጥግ ይዞ ቆመልን፣ እስክናልፍ ጎዳና፤
አጭር ሱሪ ነበር የሁላችን ልብስ፣
ዝም ብሎ ጠበቀ፣ ጠጠር እንዳይደርስ።
ሰላም ሳልል አለፍሁ። ከኋላዬ ቆይቶ
ሞተሩ ተነሣ፣ መራቄን አይቶ።

ትናንት ቤት ሳጸዳ፣ አቧራውን ልጠርግ
ግራውን ሳነሣው፣ ከቁርጭምጭሚቱ ጥግ
ሁለት ቀዳዳዎች፣ እንደ መርፌ ጠባብ፤
«ሽቦ ነው» አለኝ እንጂ፣ አላለኝም «እባብ»።
ገበሩን አልዘለቁም፣ ቆዳው ላይ ቀርተዋል፤
ሽቦ በጥንድ ጥርሱ የት አገር ነክሶ ያውቃል?
ይመኑሽ፣ እናቴ፣ ምስሯን እየለቀመች፣
ከሰፌዱ ቀና ሳትል፣ እንዲህ አለች፦
«ያን ሰኔ፣ ጀንበሯ ሳትጠልቅ ነው ገና
ቤት የመጣ። ሐብሐብ ገዛ። ቆረጠና
አልቀመሰም።
ሌሊት ተነሣ፤ አልጋችሁ ግርጌ ቆሞ
ስድስት እግር ዳሰሰ፣ ደጋግሞ ደጋግሞ።»

ሕልም መስሎኝ ነበር፤ አስታውሳለሁ እኔ፣
ሸካራ እጅ ቁርጭምጭሚቴን ሲይዝ፣ ያን የሰኔ
ሌሊት።
ግራ እግሬን ነበረ። አሸሸሁት።

አሁን ደም ሥሩ ደክሞ እግሩ ያብጥበታል፣
ሐኪም ጠበቅ ያለ ካልሲ አዞለታል፤
ሥራ ሳልገባ በፊት እመጣለሁ በጧቱ፤
ያው የፕላስቲክ ወንበር፣ ያው የጥንት ሰዓቱ፤
ተንበርክኬ ከፊቱ ግራውን እቀድማለሁ፣
ካልሲው ድምፅ የለውም፤ ጨርር እልለታለሁ
በአፌ።
ይስቃል። «አጥብቂው» ይለኛል።
ከዚያ በመስኮቱ ወደ ታች ያያል፦
«ከአውቶቡስ ማቆሚያው ሣሩ ጉልበት ደርሷል፤
ያ አዲሱ ልጅ፣ አጫጁ፣ ገምባሌ አድርጓል?»